የቆዩ የእህል ኤሌቬተሮችንና የሰው አሳንሰሮችን ፎቶ ማንሳት፦ ሁለቱ በአንድ ተከታታይ ሥራ ይገባሉ?

ሰገነት (ሚኒያፖሊስ)

እንደምን ሰነበታችሁ። የቆዩ የኢንዱስትሪ ሕንፃዎችን ፎቶ ማንሳት ከጀመርሁ ቆይቻለሁ፤ አሁን ግን ከወትሮው ረዘም ያለ ተከታታይ ሥራ ስላሰብሁ የእናንተን ምክር ለማግኘት ይህን ክር ከፍቻለሁ።

ሐሳቤ እህልን ወይም ሰውን ወደ ላይ ለማውጣት የተሠሩ የቆዩ ግንባታዎችን ጎን ለጎን ማሳየት ነው። አንደኛው ወገን የእህል ኤሌቬተር ነው፤ ማለትም ከጋሪ፣ ከመኪና ወይም ከመርከብ እህል ተቀብሎ፣ በሚሽከረከር ቀበቶ ላይ በተሰደሩ ባልዲዎች እስከ ጫፉ አውጥቶ፣ ከዚያ በቧንቧ ወደየጎተራው የሚያወርደው ሕንፃ። ሁለተኛው ወገን የሰው አሳንሰር ነው፤ በተለይም በአደባባይ የቆሙትና የብረት ፍርግርግ ያላቸው የድሮዎቹ።

የምኖርበት ከተማ ለመጀመሪያው ወገን እጅግ ምቹ ነው። ሚኒያፖሊስ ከ1880 እስከ 1930 ገደማ በዱቄት ምርት የታወቀች ከተማ ስለነበረች (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) በሚሲሲፒ ወንዝ ዳርና በባቡር ሐዲዶቹ አጠገብ የዚያ ዘመን ሳይሎዎች (ረጃጅም የእህል ማከማቻ ግንቦች) ዛሬም ይታያሉ። ከሁሉም ቀልቤን የሳበው ግን ከከተማዋ በስተምዕራብ በሴንት ሉዊስ ፓርክ ለብቻው የቆመው የኮንክሪት ግንብ ነው። ፍራንክ ፒቪ የተባለው የእህል ነጋዴና ቻርልስ ሃግሊን የተባለው ተቋራጭ በ1899 ጀምረው በ1900 የፈጸሙት ይህ ግንብ የተሠራው፣ ክብ የኮንክሪት ሳይሎ የእህልን ግፊት ይችል እንደሆነ ለመፈተን ነበር። እስከዚያ ድረስ አብዛኞቹ ኤሌቬተሮች የእንጨት ስለነበሩ እሳት በየጊዜው ይበላቸው ነበር፤ ኮንክሪቱ ደግሞ እህሉ ሲራገፍ ይፈነዳል ብለው የጠበቁ ብዙዎች ስለነበሩ "የፒቪ ቂልነት" የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። እህል ተሞልቶ ክረምቱን ከርሞ በጸደይ ሲራገፍ ግን ምንም አልሆነም። ቁመቱ 125 ጫማ፣ ማለትም 38 ሜትር ያህል ነው፤ ዛሬ በአንድ የማብሰያ ዕቃ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ የፋብሪካውን ምልክት ተሸክሞ ይገኛል።

እንግዲህ የቸገረኝ፣ እንዲህ ያለውን ረጅምና ጌጥ አልባ ነገር ጎኖቹ ሳይጋደሉ እንዴት ማንሳት እንደሚቻል፣ በምን ዓይነት ብርሃን ማንሳት እንደሚሻልና፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁለቱን የኤሌቬተር ወገኖች በአንድ ላይ ማቅረቤ ለተመልካች ትርጉም ይሰጥ እንደሆነ ነው።

የሜዳው ሰው (ካልጋሪ)

ጤና ይስጥልኝ፣ ወንድማችን ሰገነት። የኮንክሪቱን ለሌሎች ትቼ ስለ እንጨቶቹ ልጻፍልህ፤ እዚህ በካናዳ ሜዳዎች ያሉት እነርሱ ናቸውና።

የእንጨት ኤሌቬተር ከውጭ ሲታይ ረጅም ሳጥን ይመስላል፤ አሠራሩን ካላወቁ ፎቶውም የሳጥን ፎቶ ሆኖ ይቀራል። ግድግዳው በምሰሶ ላይ የተመታ ሳንቃ አይደለም፤ ጣውላዎቹ በጠፍጣፋ ጎናቸው እንደ ጡብ ተነባብረው በሚስማር የተመቱ ናቸው። የእህሉ ግፊት ከታች ስለሚበረታ ከታች ስምንት ኢንች፣ ከመሐል ስድስት፣ ከላይ አራት ኢንች ስፋት ያለው ጣውላ ይገባል። የውጭው ልባስ የወለቀበት አሮጌ ኤሌቬተር ካገኘህ ይህንን አነባበር በጎን ብርሃን አንሳው፤ የአንድ ሙሉ ሕንፃ ፎቶ የማይነግርህን ያ ሁለት ሜትር ግድግዳ ይነግርሃል። ከዚያ በላይ ጫፉ ላይ የተቀመጠችው ትንሽ ቤት የባልዲዎቹን ቀበቶ የላይኛ መዘውርና እህሉን ወደየጎተራው የሚያከፋፍለውን ቧንቧ ትይዛለች። በአንድ ጎን ጋሪው ወይም መኪናው የሚገባበት መግቢያ፣ በሌላው ጎን ወደ ባቡሩ ፉርጎ የሚያፈስሰው ቧንቧ አለ። እነዚህን ሁለት ጎኖች በአንድ ፎቶ የሚያሳይ ማዕዘን ከተገኘ እህሉ በየት ገብቶ በየት እንደወጣ ማንም ያነበዋል። እኔ ሁልጊዜ የምፈልገው ያንን ማዕዘን ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የካናዳ ፓሲፊክ የባቡር ኩባንያ ቢያንስ 25,000 ቡሼል የሚይዝ ኤሌቬተር ለሚሠራ ሰው በሐዲዱ አጠገብ ቦታ ይሰጥ ነበር። በስንዴ ሲሰላ 6,800 ኩንታል ገደማ ይሆናል። ገበሬው በፈረስ ጋሪ በአንድ ቀን ደርሶ እንዲመለስ ጣቢያዎቹ ተቀራርበው ስለተሠሩ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ የኤሌቬተሮቹ ቁጥር ከ5,700 በላይ ደርሶ ነበር። ዛሬ የቀሩት ጥቂት መቶዎች ናቸው። ጭነት መኪና መጣ፣ መንገድ ተሠራ፤ በ1995 ደግሞ መንግሥት ለእህል የባቡር ማጓጓዣ ይሰጥ የነበረው ድጎማ ሲቀር ትንንሾቹ የባቡር መስመሮች ተዘጉ፤ ሐዲዱ ሲነቀል ኤሌቬተሩም ሥራ ፈታ። በሳስካቸዋን ፍሌሚንግ የነበረው የ1895ቱ ኤሌቬተር ይታደሳል ተብሎ ሲጠበቅ በ2010 በእሳት ወደመ። በማኒቶባ ኢንግሊስ ግን አምስቱ በአንድ ረድፍ ብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራ ተብለው ተጠብቀዋል፤ በአልበርታም ናንተን ላይ ሦስት ቆመዋል። ለመጀመር የምመክርህ እነዚህን ነው።

ስለ ብርሃኑ፦ በታኅሣሥ አጋማሽ በዚህ ኬክሮስ ፀሐይ በቀትር እንኳ ከአድማስ ከ17 ዲግሪ በላይ አትወጣም፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የጎን ብርሃን ታገኛለህ፤ በሰኔ ቀትር የሚያስቸግረው ከላይ የሚመታ ብርሃን የለም። በረዶው ራሱ ከታች ብርሃን እየመለሰ ጥላውን ያሳሳዋል። የካሜራው መለኪያ ግን በረዶውን ግራጫ ሊያደርገው ስለሚፈልግ የብርሃን መጠኑን አንድ ደረጃ ያህል ከፍ አድርግለት። ባትሪ በኮትህ የውስጥ ኪስ ይቆይ፤ ወደ ቤት ስትገባ ካሜራውን ገና ውጭ ሳለህ በፕላስቲክ ከረጢት ዘግተህ አስገባው፤ አለዚያ ሌንሱ ውስጥ ጤዛ ይሠራል።

ኤሪ ዳር (ባፋሎ)

የሜዳው ሰው የጻፈው ጥሩ ነው፤ ሆኖም የጉዳዩ መነሻ እዚህ ባፋሎ ስለሆነ ጥቂት ልጨምር። የኤሪ ቦይ በ1825 ከተከፈተ በኋላ ከምዕራብ በሐይቅ የሚመጣው እህል ሁሉ እዚህ ከትልቅ መርከብ ወደ ትንሽ የቦይ ጀልባ ይገለበጥ ነበር፤ የሚገለብጡትም አብዛኞቹ የአየርላንድ ስደተኞች የሆኑ ወዛደሮች በጀርባቸው ተሸክመው ነበር። ጆሴፍ ዳርት የተባለው ነጋዴ ከመሐንዲሱ ከሮበርት ደንባር ጋር በ1842 እና 1843 በእንፋሎት የሚሠራውን የመጀመሪያውን ኤሌቬተር አቆመ። የባልዲውን ቀበቶ ሐሳብ የወሰዱት ኦሊቨር ኢቫንስ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ለዱቄት ወፍጮ ከሠራው መሣሪያ ነው፤ አዲሱ ነገር ቀበቶው ከሕንፃው ወጥቶ ወደ መርከቡ ሆድ መውረዱ ነበር። በሰዓት 1,000 ቡሼል፣ ማለትም ከ270 ኩንታል በላይ ያወጣ ነበር።

ይህንን የማነሳው ለፎቶው ስለሚጠቅም ነው። በወንዙ በኩል በሐዲድ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንቀሳቀስ የብረት ማማ ያለው ኤሌቬተር ብታይ፣ ያ ማማ ወደ መርከቡ የሚወርደው የባልዲ ቀበቶ ቤት ነው። ብዙ ፎቶ አንሺዎች ክቦቹን ሳይሎዎች ብቻ በረድፍ አንስተው ማማውን ከፍሬም ያስወጡታል፤ ቅርጹ ንጹሕ ይሆንላቸዋል፤ ነገር ግን ኤሌቬተሩ ራሱ ቀርቶ ማስቀመጫው ብቻ ነው የተነሣው።

ይህ ጠባይ የቆየ ነው። ጀርመናዊው አርክቴክት ቫልተር ግሮፒየስ በ1913 የአሜሪካን ኤሌቬተሮች ፎቶ ጀርመን ውስጥ ሲያሳትም ሕንፃዎቹን ከግብፅ ጥንታዊ ግንባታዎች ጋር ያመሳስላቸው ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላው አርክቴክት ለ ኮርቡዚየ ከእነዚያ ፎቶዎች አንዳንዶቹን ወስዶ ሲጠቀም፣ የቦነስ አይረሱን ሳይሎ ከጣሪያው ጫፍ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ጌጦቹን አስጠፍቶ ነው ያሳተመው። ሳይሎው ጌጥ የለሽ ሆኖ እንዲታይ ስለፈለገ ጌጡን ፋቀው ማለት ነው! አርክቴክቱ ኤሪክ ሜንደልሶን ግን በ1924 ራሱ ባፋሎ ድረስ መጥቶ አነሣ፤ የእርሱ ፎቶዎች ላይ ማማዎቹም ድልድዮቹም አሉ፤ በእኔ ግምት ከሦስቱ የሚታመነው እርሱ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ላክል፤ አይዘግዩ። በ1897 የተሠራውና በጡብ ቤት ውስጥ የብረት ሳይሎዎች የነበሩት፣ ገና ከጅምሩ በናያጋራ የኤሌክትሪክ ኃይል የሠራው ግሬት ኖርዘርን ኤሌቬተር፣ በታኅሣሥ 2021 ነፋስ የሰሜኑን ግድግዳ ሰፊ ክፍል አፈረሰበት፤ በቀጣዩ ዓመት ማፍረሻው ገባበት። ግድግዳው በተቀደደ ጊዜ እነዚያን የብረት ሳይሎዎች ከውጭ ማየት ተችሎ ነበር፤ ከዚያ በፊት የሚያውቃቸው ውስጥ የገባ ብቻ ነበር። ዛሬ የሚቻለው ሳይሎ ሲቲ በሚባለው ስፍራ አስጎብኚ ይዞ ወደ ሳይሎዎቹ ውስጥ መግባት ነው። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) ይዞ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ያለ እርሱ ብዙም አይሠራም።

ሰገነት (ሚኒያፖሊስ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ማማው የተባለው ዓይኔን ከፍቶልኛል፤ ለእኔም ሁለቱን ወገኖች የሚያገናኘው ክብነታቸው ወይም ቁመታቸው ሳይሆን ወደ ላይ የሚያወጣው መሣሪያ መሆኑ አሁን ግልጽ እየሆነ ነው።

ስለ ጎኖች መጋደል ግን ገና መልስ አላገኘሁም። በኮምፒውተር ማቅናት ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ልዩ ሌንስ መግዛት ወይም መከራየት ግድ ነው የሚሉም አሉ። ሕንፃ ማንሳት ሥራው የሆነ ሰው በመድረኩ ላይ ካለ ቢያብራራልኝ ደስ ይለኛል።

ቱምቢ (ስቶክሆልም)

ሕንፃ ማንሳት እንጀራዬ ስለሆነ እኔ ልመልስ። መነሻው ቀላል ነው፦ ካሜራው በውሃ ልክ ከቆመና ወደ ላይ ቀና ካላለ፣ ጎኖቹ አይጋደሉም። ችግሩ የሕንፃው ጫፍ ከፍሬም መውጣቱ ነው። ርቀቱን እናስላው። ባለ 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ በሙሉ ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊ ሜትር በሆነው) ላይ በቁም ሲያዝ፣ የፍሬሙ የላይኛ ጠርዝ ከሌንሱ በላይ የሚደርሰው የርቀቱን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ 38 ሜትር የሚሆነውን ግንብዎን ለማስገባት ወደ 49 ሜትር መራቅ አለብዎት፤ ያም ሆኖ የፍሬሙ የታችኛ ግማሽ አስፋልትና ሣር ይሆናል። በዚያው የትኩረት ርዝመት ሺፍት የሚያደርግ ሌንስ (ካሜራው ሳይነቃነቅ ሌንሱ ብቻ የሚንሸራተት) ይዘው 12 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ቢያንሸራትቱት ግን 29 ሜትር ላይ ቆመው ጫፉን ያስገባሉ፤ የማይፈለገው መሬትም ይቀንሳል። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ካለዎትና በአካባቢው ክፍት ቦታ ካለ፣ 100 ሜትር ያህል ርቀው ያለ ምንም ልዩ ሌንስ ማንሳትና የታችኛውን ክፍል መቁረጥ ይችላሉ። እንዲያውም ለእህል ኤሌቬተር ይህኛው ነው የምመርጠው፤ ከሩቅ ሲነሳ የሳይሎው ክብነትና የላይኛው ቤት መጠን እንደ ተፈጥሯቸው ይቀመጣሉ።

በኮምፒውተር ማቅናት ጥቂት ዲግሪ ለሆነ ጋደልታ ምንም አይደለም። ካሜራው አብዝቶ ወደ ላይ ቀና ብሎ ያነሣው ፎቶ በኮምፒውተር ሲቃና ግን ላይኛው ክፍል ተለጥጦ ዝርዝሩን ያጣል፤ በዙሪያው ያለው ይቆረጣል፤ የቁመትና የስፋት ምጣኔውም በእጅ ግምት የሚስተካከል ይሆናል። መለኪያ የሌለው ሰው ግንብን ከሚገባው በላይ የማርዘም ፈተና አለበት።

ሁለቱን ወገኖች ማቅረብዎን እደግፋለሁ፤ ምክንያቱም አደባባይ የቆሙት አሳንሰሮች እንደ እህል ኤሌቬተር የመልክዓ ምድር ልጆች ናቸው። እዚህ ያለን ካታሪና አሳንሰር መጀመሪያ በ1883 በእንፋሎት ሥራ ጀመረ፤ የአሁኑ በ1930ዎቹ አጋማሽ የተተካው ነው፤ ቁመቱም እንደ ግንብዎ 38 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ከላይ ያለው ስሌት ለሁለቱም ይሠራል። ከ2010 ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ በ2023 እንደገና ተከፍቷል። ከታች ካለው አደባባይ ወደ ገደሉ አናት የሚወስድ ድልድይ አለው፤ ድልድዩን ከቆረጡት አሳንሰሩ ለምን እንደቆመ አይታወቅም። የሊዝበኑ ሳንታ ጁስታም እንዲሁ ነው፦ በ1902 የተከፈተው ይህ 45 ሜትር የብረት ማማ በጎቲክ ጌጥ የተሸለመ በመሆኑ ሁሉም ሰው ከታች ጌጡን ያነሳዋል፤ እኔ ግን ከጎኑ፣ ማማውና ከላይ ወዳለው የካርሞ አደባባይ የሚወስደው መተላለፊያ አብረው በሚታዩበት በኩል ነው የምመክረው። በብራዚል ሳልቫዶር ያለው ላሴርዳ ከ1873 ጀምሮ የታችኛውን ከተማ ከላይኛው ያገናኛል። በስዊዘርላንድ ያለው የ1905ቱ ሃሜትሽቫንድ ደግሞ 153 ሜትር ያህል ገደሉን ይዞ ይወጣል፤ እርሱን ከሐይቁ ላይ ከጀልባ በረጅም ሌንስ ማንሳት ነው የሚሻለው።

በቤት ውስጥ ላሉት ግን ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንደ ሎስ አንጀለሱ የ1893 ብራድበሪ ሕንፃ ያሉ ባለ ፍርግርግ አሳንሰሮች ላይ የሰማዩ ብርሃን በመስታወት ጣሪያ ሲገባ፣ በሳጥኑ ውስጥ ያለው መብራት ደግሞ ቢጫ ስለሚሆን ሁለት ቀለም ይደባለቃል። ሁለቱንም ነጭ ለማድረግ አይታገሉ፤ ሰማዩን ልክ አድርገው አምፖሉን ቢጫ ሆኖ ይተዉት። ጀርመንና ቼክ ውስጥ ያለውን ሳይቆም የሚዞረውን በር አልባ አሳንሰር ካገኙ ደግሞ ፍጥነቱ በሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በሩብ ሰከንድ ሹተር ሳጥኑ ሰባት ስምንት ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፤ እንቅስቃሴው ይታያል፤ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ግን ጥርት ብሎ ይወጣል። ለእህል ኤሌቬተር የባልዲ ቀበቶ የሚቀርበው ዘመድ በእውነት ይህ ነው፤ ሁለቱም ሳይቆሙ እየዞሩ በአንድ በኩል ወጥተው በሌላው ይወርዳሉ። ካገኙት ሥራዎ ውስጥ ሳያስገቡት አይለፉ።

ሚዛን (አዲስ አበባ)

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን በደስታ ነው ያነበብሁት። እኔ ፎቶ አንሺ አይደለሁም፤ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት በእህል መጋዘንና በሳይሎ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ስለ አደጋው ልናገር።

ባዶ ሳይሎ ከሞላው ይሻላል፤ ሥራ ላይ ያለ ኤሌቬተር ውስጥ ግን የሚያስፈራው እህሉ ብቻ ሳይሆን ብናኙ ነው። የእህል ብናኝ በአየር ላይ በበቂ መጠን ከተንሳፈፈና ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል። ሰገነት፣ አንተ ባለህበት ከተማ በ1878 የዋሽበርን ኤ ወፍጮ በዱቄት ብናኝ ፈንድቶ 18 ሰዎች ሞተዋል። በታኅሣሥ 1977 በሉዊዚያና ዌስትዌጎ አንድ ኤሌቬተር ፈንድቶ 36 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከአምስት ቀን በኋላ ደግሞ በቴክሳስ ጋልቬስተን ሌላው ፈነዳ። ስለዚህ ሥራ ላይ ባለ ኤሌቬተር ውስጥ ፍላሽ፣ የሚግል መብራት ወይም ድሮን ይዛችሁ እንዳትገቡ፤ ፈቃድ የሰጣችሁ ሰው ራሱ ስለዚህ ካልጠየቃችሁ እናንተ ጠይቁት።

በእህል ላይ መራመድም ፈጽሞ አይገባም። የላይኛው ሽፋን ደርቆ ጠንካራ ይመስላል፤ ከሥሩ እህሉ ተራግፎ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ሰው የረገጠው እንደሆነ ይናድና በሰከንዶች ውስጥ ይውጠዋል። ነቀዝ ለመግደል የሚገባው ፎስፊን የተባለው ጋዝም በተዘጋ ጎተራ ውስጥ ቀርቶ ሰው ሊገድል ስለሚችል፣ የማስጠንቀቂያ ምልክት ያለበትን በር ለፎቶ ብላችሁ አትክፈቱ። የተተዉት ደግሞ የራሳቸው ጉድ አለባቸው፤ ወለል ላይ ክዳኑ የተወሰደ ቀዳዳ፣ የበሰበሰ መሰላል፣ ለዓመታት የተጠራቀመ የርግብ ኩስ። ኩሱን ካነሳሳችሁት ሳንባ የሚጎዳ ፈንገስ ሊኖርበት ስለሚችል ጭምብል ያስፈልጋል።

በእንጨቶቹ ውስጥ ሠራተኛው ራሱን በገመድ እየሳበ ወደ ላይ የሚወጣበት፣ በክብደት የተመዛዘነ ጠባብ የሰው ማውጫ ነበረ ሲባል ሰምቻለሁ። የሜዳው ሰው ይህን አይቶት ከሆነ፣ የሰገነትን የሦስተኛውን ጥያቄ መልስ እዚያ ያገኘዋል ብዬ አምናለሁ፤ የእህሉም የሰውም ማውጫ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ነውና።

የሜዳው ሰው (ካልጋሪ)

ጋሼ፣ አሁንም ድረስ አለ። በሙዚየምነት በተጠበቁት ኤሌቬተሮች ውስጥ ይታያል፤ ሰፋ ያለ ሰው በጭንቅ የሚቆምበት የእንጨት ሳጥን ነው። በጠባብ ቦታ ስለሆነ ሰፊ ሌንስ ያስፈልጋል፤ ሳጥኑ ከታች ቆሞ ገመዱ ወደ ጨለማው ሲወጣ ከታች ወደ ላይ ይነሣል፤ እዚህ ላይ ጎኖቹ ቢጋደሉም ምንም አይደለም፤ እንዲያውም መጋደል አለባቸው።

በአንድ ነገር ግን ከቱምቢ እለያለሁ፤ ከሩቅ ሆኖ ማንሳት በርንድና ሂላ ቤኸር የተባሉት ጀርመናውያን ፎቶ አንሺዎች የተከተሉት መንገድ ነው፤ እነርሱ የእህል ኤሌቬተሮችንም ጨምሮ የኢንዱስትሪ ግንባታዎችን በትልቅ ካሜራ፣ በጥቁርና ነጭ፣ ጥላ በሌለው ብርሃን፣ ሁሉንም በአንድ ሥርዓት አንስተው ጎን ለጎን አሰልፈዋል። ለማነጻጸር ከዚያ የተሻለ መንገድ የለም። በእኛ ሜዳ ላይ ግን ኤሌቬተሩ ለብቻው አይቆምም፤ የአልበርታ ስንዴ ማኅበር አረንጓዴ ቀለም፣ የፓዮኒር ኩባንያ ብርቱካናማና ቢጫ፣ በግድግዳው ላይ የተጻፈው የከተማው ስም፣ የተነቀለው ሐዲድ አሻራ፣ ከሁሉ በላይ ሰማዩ አለ። ቀለሙን አውጥቶ ሰማዩን ነጭ ማድረግ የማን እንደነበረና የት እንደነበረ መደምሰስ ነው።

ቱምቢ (ስቶክሆልም)

የቀለሙን ነገር እቀበላለሁ፤ የባለቤቱ ማስረጃ ነውና። ሰማዩን ግን አልቀበልም። ማዕበል ያዘለ ደመና ያለበት የእህል ኤሌቬተር ፎቶ ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን ተመልካቹ ደመናውን አድንቆ ያልፋል። ሰገነት የእርስዎ ከተማ ነዋሪ የነበረውን የፍራንክ ጎልኪን የ1970ዎቹን ፎቶዎች ይፈልጉና ይመልከቱ፤ ሰፊ ሰማይ አለባቸው፤ ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ ድራማ ግን የለባቸውም፤ የሕንፃው ጥላ መሬት ላይ የት እንደወደቀ ጭምር ይነበባል። በሁለታችን መካከል ያለው መንገድ ያ ይመስለኛል።

ጠረጴዛ ተራራ (ኬፕታውን)

ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። ሁለቱን ወገኖች የሚያገናኝ ቦታ ለሚፈልግ ሰው እዚህ ኬፕታውን ወደብ ላይ ያለውን ዛይትስ ሞካ የተባለውን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ልጠቁም። ሕንፃው በ1920ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ የእህል ኤሌቬተር ነው፤ ቁመቱ 57 ሜትር ነው፤ 42 የኮንክሪት ሳይሎዎች ነበሩት። ንድፍ አውጪው ቶማስ ሄዘርዊክ በመሐል ያሉትን ሳይሎዎች በእህል ቅንጣት ቅርጽ እንዲፈለፈሉ አድርጎ በ2017 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። በሳይሎዎቹ ቱቦ ውስጥ ክብ የመስታወት አሳንሰሮች ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ ማለትም እህል ይከማችበት በነበረው ቱቦ ውስጥ ዛሬ ሰው ይወጣል።

ለማንሳት የሚሻለው ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ነው፤ ከላይ በመስታወቱ የሚገባው ብርሃን በተቆረጠው ኮንክሪት ጠርዝ ላይ ሲያርፍ፣ አዲስ የተቆረጠውና አሮጌው ኮንክሪት የተለያየ ልስላሴ እንዳላቸው ይታያል። አሳንሰሩ ውስጥ ሆኖ ማንሳት ግን አልመክርም፤ የመስታወቱ ነጸብራቅ ፎቶ አንሺውን ራሱን ያስገባዋል። ከወለሉ ሆናችሁ ሳጥኑ ከቱቦው አጋማሽ ላይ ሲደርስ ጠብቁት።

ኤሪ ዳር (ባፋሎ)

ሰገነት ወደ ኬፕታውን ከመብረርዎ በፊት እዚያው በደጅዎ ያለውን ይጠቀሙበት። ጋሽ ሚዛን የጠቀሱት የዋሽበርን ኤ ወፍጮ ከፍንዳታው በኋላ እንደገና ተሠርቶ ነበር፤ የዚያ ፍርስራሽ ዛሬ የሚል ሲቲ ሙዚየም ነው፤ ጎብኚዎች ስምንት ፎቅ የሚወጡት በሰፊ የዕቃ አሳንሰር ውስጥ ተቀምጠው ሲሆን፣ በየፎቁ በሩ ሲከፈት የወፍጮው ሥራ ይተረክላቸዋል። ከጎኑም የእህል ሳይሎዎቹ ቆመዋል። በአንድ ግቢ ሁለቱም ወገን አለልዎት።

ሰገነት (ሚኒያፖሊስ)

የሙዚየሙን አሳንሰር እንደ መጫወቻ እንጂ እንደ ርዕስ አይቼው አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ። እንግዲህ ሥራውን የማዋቅረው በመሣሪያው ይሆናል፤ በየጥንዱ አንድ የእህል፣ አንድ የሰው ማውጫ፦ የባልዲው ቀበቶ ከሚዞረው በር አልባ አሳንሰር ጋር፣ የባፋሎው ተንቀሳቃሽ ማማ ከሊዝበኑ ጋር፣ የሴንት ሉዊስ ፓርኩ ግንብ ከካታሪና ጋር። በፋብሪካው ምልክት ላይ ግን አንድ ወዳጄ ከፎቶው እንዳጠፋው እየመከረኝ ነው፤ ግንቡ በ1900 እንደነበረ እንዲታይ።

ኤሪ ዳር (ባፋሎ)

አያጥፉት። ግንቡ እስከ ዛሬ የቆመው አንድ ፋብሪካ በግቢው ስላቆየው ነው፤ የባለቤትነቱ ምልክት የዚያ ታሪክ ክፍል ነው። ምልክት የሌለበትን ጎን ማሳየት ከፈለጉ ዞረው ከሌላው በኩል ያንሱት፤ ያ ሕጋዊ ምርጫ ነው። ከቦነስ አይረሱ ሳይሎ ላይ ጌጡን ያጠፋው ሰው ከተወቀሰ ይህም ይወቀሳል።

ሚዛን (አዲስ አበባ)

በዚህ ከኤሪ ዳር ጋር ነኝ። ደግሞ ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር የተሠራበትን ዓመት፣ ከምን እንደተሠራ፣ ቁመቱንና ስንት ኩንታል ወይም ስንት ሰው እንደሚያወጣ ጻፍበት፤ በቡሼል ብቻ እንዳትተወው፤ አንድ ቡሼል ስንዴ 27 ኪሎ ያህል ነው። ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ ስሙን ከእህል መጋዘኖቹ ያገኘውን የጎተራ ሰፈርን ሳይሎ ማንሳት ብትፈልግ፣ ካሜራ ይዘህ በር ላይ ከመቆምህ በፊት ለድርጅቱ ደብዳቤ አስገባ፤ የምታነሳውን ነገር፣ የምትቆምበትን ቦታና ፍላሽ እንደማትጠቀም ዘርዝረህ ጻፍ፤ ዘበኛው የሚጠይቅህ ያንኑ ነው።

ሰገነት (ሚኒያፖሊስ)

እሺ ጋሼ፣ በኩንታልም በቡሼልም እጽፈዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ጥንዶች እንዳዘጋጀሁ እዚሁ ክር ላይ ከነመግለጫቸው እለጥፋቸዋለሁ፤ ቱምቢም የርቀቱን ስሌት በእነርሱ ላይ ቢፈትሽልኝ ደስ ይለኛል።